የታዳሽ ኃይል ዕቃዎች ሲያረጁ ወጪው የማን ነው?

ግዙፍ የነፋስ ተርባይን ክንፎች ተቆራርጠው በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ በካስፐር ከተማ የቆሻሻ መድፊያ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀበሩ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ባለፉት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ተዘዋውረዋል። ምስሎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ከእነርሱ የሚወሰደው ትርጓሜ ግን እንደ ተመልካቹ ይለያያል። አንዱ ወገን ታዳሽ ኃይል አንዱን ብክለት በሌላ የተካ ማታለያ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ፓነሉም፣ ተርባይኑም፣ ባትሪውም ከሞላ ጎደል ሪሳይክል ሊደረግ ስለሚችል የሚያሳስብ ነገር የለም ሲል ይመልሳል። ሪሳይክል ማድረግ ማለት ያረጀውን ዕቃ አፍርሶ የተሠራበትን ጥሬ ዕቃ በማውጣት ለአዲስ ምርት ማዋል ነው። ሊደረግ በሚችለውና በተግባር በሚደረገው መካከል ያለው ርቀት ግን እጅግ ሰፊ ነው፤ ክርክሩም በአብዛኛው ይህን ርቀት ዘልሎ ያልፈዋል።

የአንድ ያረጀ ዕቃ ዕጣ በዋናነት የሚወሰነው በውስጡ ያለው ጥሬ ዕቃ በሚያወጣው ዋጋና ያንን ለማውጣት በሚጠይቀው ወጪ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ዋጋው ከወጪው ሲያንስ ዕቃው ይጣላል። ይህ ብዙዎች የሚገምቱት ነው። ብዙም የማይታሰበው ተቃራኒው ሁኔታ ነው፦ ዋጋው ሲበልጥ ዕቃው በእርግጥ ይሰበሰባል፣ ይፈርሳል፣ ይሸጣል፤ ነገር ግን ሥራው ጥንቃቄን በመዝለል ወጪ ወደሚቀንሰው ሰው እጅ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዚህ ዘርፍ እስካሁን በሰው ጤና ላይ የደረሰው የከፋ ጉዳትም ከመጣል ይልቅ ከዚህኛው መንገድ የመጣ ነው።

መጠኑ ምን ያህል ነው?

ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ድርጅት፣ በምህፃሩ አይሪና፣ ከዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ የፀሐይ ኃይል ፕሮግራም ጋር በ2016 ባወጣው ጥናት፣ እስከ 2050 ድረስ ተጠራቅሞ የሚገኘው የፓነል ቆሻሻ እስከ 78 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2024 ያወጡት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ዘገባ በበኩሉ በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መፈጠሩን፣ ከዚህም በመዝገብ የተረጋገጠ አሰባሰብና ሪሳይክል የተደረገለት 22.3 በመቶው ብቻ መሆኑን አመልክቷል። በዚያው ዓመት የፀሐይ ፓነል ድርሻ 0.6 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በ2030 ወደ 2.4 ሚሊዮን ቶን እንደሚያድግ ይጠበቃል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ማንበብ ይቻላል። የታዳሽ ኃይል ቆሻሻ ዛሬ ከአጠቃላዩ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ ትንሽ ድርሻ ነው፤ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ ማመንጫዎች በየዓመቱ ከሚያወጡት አመድ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ቆሻሻውን ምክንያት አድርጎ ወደ ከሰል መመለስን መከራከሪያ ማድረግ ሚዛኑን የሳተ ነው። በሌላ በኩል ፓነል ከ25 እስከ 30 ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ ዛሬ የምናየው ቆሻሻ ከዓመታት በፊት የተተከለው፣ በመጠንም እጅግ አነስተኛ የነበረው ትውልድ ነው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት የተተከለው ገና አልመጣም። የዝግጅቱ ጊዜ አሁን ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ላለመከፈት የተሠራው ፓነል

በገበያ ላይ በብዛት ያለው የሲሊከን ፓነል ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነው መስታወት ነው። ቀሪው ፕላስቲክ፣ የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ ሲሊከን፣ ጥቂት መዳብና ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ ብር ነው። ክፈፉንና የኋላውን የገመድ ሣጥን መንቀል ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ከመሀሉ ነው። የሲሊከን ሴሎቹ ከመስታወቱና ከጀርባው ሽፋን ጋር በሙቀት በተጣበቀ ፕላስቲክ ታሽገዋል። እሽጉ ዝናብ፣ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቁበት ለሩብ ምዕተ ዓመት እንዳይላቀቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ፓነሉን ረጅም ዕድሜ የሰጠው ይኸው ጥንካሬ በመጨረሻው ለማፍረስ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ብዙ ተቋማት የሚከተሉት ቀላሉ መንገድ ክፈፉን ነቅሎ የቀረውን መፍጨት ነው። ከዚህ የሚገኘው መስታወት ንጽሕናው ዝቅተኛ በመሆኑ ለመንገድ ሥራ ወይም ለሙቀት መከላከያ ይውላል፤ ብሩና ሲሊከኑም ከብናኙ ጋር ይጠፋሉ። ከባዱ መንገድ ፕላስቲኩን በሙቀት ወይም በኬሚካል አስወግዶ እያንዳንዱን ንብርብር መለየት ነው። በክብደት ኢምንት የሆነው ብር ከፓነሉ ከሚገኘው ገቢ ትልቁን ድርሻ ከሚሰጡት አንዱ ስለሆነ፣ የሁለተኛው መንገድ አዋጭነት በእርሱ ላይ ይንጠለጠላል። አምራቾች ግን ወጪ ለመቀነስ በየሴሉ የሚጠቀሙትን ብር ከዓመት ዓመት እያሳነሱ ነው። ይህ ለገዢው መልካም ዜና ቢሆንም ነገ ከአሮጌው ፓነል የሚገኘውን ገቢ ይቀንሳል። የአዲስ ፓነል ዋጋ ማሽቆልቆሉም እንዲሁ በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ አሮጌ ፓነል ገዢ እንዲያጣ አድርጓል።

ውጤቱ በአሜሪካ ይታያል። ፌዴራላዊ የሪሳይክል ግዴታ በሌለበት በዚያ አገር አንድን ፓነል መቅበር ሪሳይክል ከማድረግ ብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ስለዚህም ይቀበራል። ከዚህ የሚለየው ካድሚየም ቴሉራይድ የተባለውን ስስ ፓነል የሚያመርተው ፈርስት ሶላር ነው። ካድሚየም መርዛማ፣ ቴሉሪየም ደግሞ ብርቅ በመሆናቸው ኩባንያው ከ2005 ጀምሮ የራሱን ፓነሎች እየሰበሰበ ሪሳይክል ያደርጋል።

ፓነል መርዛማ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። በሲሊከን ፓነል ውስጥ ሴሎችን በሚያገናኘው ብየዳ ላይ ጥቂት እርሳስ አለ። ያልተሰበረ ፓነል በጣሪያ ላይ ሳለ ለማንም አደጋ አይደለም፤ ተሰባብሮ ሽፋን በሌለው መድፊያ ለዓመታት ዝናብ ሲወርድበት ግን እርሳሱ ሊታጠብ ይችላል። የጀርባ ሽፋናቸው ፍሎሪን ያለበት ፕላስቲክ የሆኑትን ደግሞ በሜዳ ላይ ማቃጠል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ አደጋው ከፓነሉ መኖር ይልቅ በአወጋገዱ ላይ ይመሠረታል።

የተርባይን ክንፎች

በፎቶግራፍ የታወቀው የክንፍ ጉዳይ ከሌሎቹ ይልቅ ቀላል ነው። ከተርባይኑ ክብደት ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው፣ በተለይም የብረት ምሰሶው፣ የመዳብ ሽቦውና የማርሽ ክፍሉ፣ የታወቀ ገበያ ያለው ነው። ክንፉ ግን ከመስታወት ወይም ከካርበን ክሮችና ከኢፖክሲ ሙጫ ይሠራል፤ ይህ ሙጫ አንዴ ከደረቀ ተመልሶ አይቀልጥም። ክንፍ ቦታ ከመያዙ በቀር ሲቀበር ብዙም የሚያፈስሰው መርዝ የለም። ጀርመንንና ኔዘርላንድስን የመሳሰሉ አገሮች መቅበሩን ከልክለዋል፤ አንዳንድ ቦታ ተፈጭቶ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶና ጥሬ ዕቃ ይሆናል። የተርባይን አምራቹ ሲመንስ ጋሜሳ ሙጫው በቀላል አሲድ የሚላቀቅ ክንፍ በ2021 አስተዋውቆ በ2022 በጀርመኑ የካስካሲ የባሕር ላይ ጣቢያ ተክሏል። ቀደም ብለው የተተከሉት ክንፎች ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

እርሳስ፦ የተሳካው ሪሳይክል የሚያስከትለው ጉዳት

ኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቦታዎች የፀሐይ ኃይል ሲስፋፋ ለረጅም ጊዜ አብሮ የተጓዘው ሊድ አሲድ የተባለው ባትሪ ነው፤ በመኪና ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ማለት ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ሰልፈሪክ አሲድና የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በሙቀት አካባቢና ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ሲሟጠጥ ከጥቂት ዓመታት በላይ አያገለግልም። ፓነሉ አንዴ በተተከለበት ዘመን ባትሪው ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ በመጠንም ቢሆን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው።

በሪሳይክል መለኪያ ካየነው ሊድ አሲድ አርአያ ነው። በአሜሪካ ያረጀው ባትሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይሰበሰባል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ገዢም አያጣም። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ቀላልነት ነው፤ እርሳስን ለማቅለጥ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ከሰልና ድስት ይበቃል። ባትሪው በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ የእርሳሱ ሰሌዳ በጓሮ እሳት ይቀልጣል። ብናኙና ጭሱ በአፈሩ፣ በልብሱ፣ በምግቡ ላይ ያርፋል። ሕፃናት መሬት ላይ ስለሚጫወቱና እጃቸውን ወደ አፋቸው ስለሚያስገቡ፣ ሰውነታቸውም ከአዋቂ ይልቅ እርሳስን በብዛት ስለሚመጥ፣ ቀድመው የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለው ሰፈር፣ ከኅዳር ወር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞተዋል። በአካባቢው ለዓመታት ባትሪ ሲፈርስ ኖሮ አፈሩ በእርሳስ ተሞልቶ ነበር፤ የእርሳስ ዋጋ ሲጨምር ነዋሪዎች አፈሩን እየወነፉ ቁርጥራጩን መሸጥ ጀምረው ነበር። በኬንያ ሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ ሰፈር አጠገብ ይሠራ የነበረ የእርሳስ ማቅለጫ ያደረሰው ብክለት ደግሞ ለፍርድ ቀርቦ በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። ሁለተኛው ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ፋብሪካ መኖሩ ብቻውን ደኅንነት እንዳልሆነ ያሳያልና።

ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጡት ዘገባ መሠረት በዓለም ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ በቁጥር እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ አለባቸው፤ ያለ ቁጥጥር የሚካሄድ የባትሪ ሪሳይክልም ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በልጅ አእምሮ እድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሕክምና አይመለስም።

በጥንቃቄ የሚሠራው ፋብሪካ በዚህ ገበያ ለምን ይሸነፋል? የጭስ ማጣሪያ፣ የአሲድ ማከሚያ፣ የሠራተኞች የደም ምርመራ፣ ግብር፣ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በጓሮ የሚያቀልጠው ሰው ይህን ሁሉ ስለማይከፍል ለአሮጌው ባትሪ የተሻለ ዋጋ ማቅረብ ይችላል፤ ሻጩም ወደ እርሱ ይሄዳል። ቅጣት ብቻውን ይህን አይለውጥም፤ ሥራውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያስቀረውም። አሜሪካ በ2008 የአየር ውስጥ እርሳስ ገደቧን ካጠበቀች በኋላ ወደ ሜክሲኮ የሚላከው ያገለገለ ባትሪ በከፍተኛ መጠን መጨመሩ፣ ጥብቅ ሕግ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ቦታ እንደሚቀይር አሳይቷል። የተሻለ ውጤት ያመጡት አሠራሮች የገንዘቡን ፍሰት የሚለውጡ ናቸው፤ ለምሳሌ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ገዢው አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ ባትሪ ሲወስድ ተጨማሪ ገንዘብ ያስይዛል፤ አሮጌውን ወደ ሻጩ ሲመልስ ገንዘቡን ያገኛል።

ሊቲየም አዮን፦ በብረት ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ኢንዱስትሪ

አሁን ሊድ አሲድን እየተካ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ እርሳስ የለበትም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የራሱ አደጋ ግን አለው። ሲጨፈለቅ፣ ሲበሳ ወይም ከመጠን በላይ ሲሞቅ አንዱ ሴል ሌላውን እያቀጣጠለ የሚስፋፋ እሳት ያስነሣል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ጋዝም መርዛማ ነው። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ የተጣለ ትንሽ ባትሪ በመጭመቂያ መኪና ወይም በመለያ ጣቢያ ውስጥ ቃጠሎ ማስነሣቱ በብዙ አገሮች የተለመደ ችግር ሆኗል።

ሪሳይክል ሲደረግ ባትሪው መጀመሪያ የቀረው ኃይል እንዲወጣለት ይደረጋል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ብላክ ማስ የሚባል፣ ሊቲየም፣ ኒኬል፣ ኮባልትና ግራፋይት የተቀላቀሉበት ጥቁር ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ በአሲድ ሟሙቶ ብረቶቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። የቆየው አማራጭ በከፍተኛ ሙቀት ማቅለጥ ነው፤ ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ ይገኝበታል፣ ሊቲየሙ ግን ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። ሦስተኛው መንገድ፣ የባትሪውን አዎንታዊ ምሰሶ ዱቄት ሳይበታተን ማደስ፣ ገና ወደ ሰፊ ምርት አልገባም።

የዚህ ኢንዱስትሪ ትርፍ በዋናነት የመጣው ከኮባልትና ከኒኬል ነበር። አሁን ግን በፀሐይ ኃይል ማከማቻዎችም ሆነ በርካሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየተስፋፋ ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ዓይነት ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። ከእሳት አንጻር ከሌሎቹ የተሻለና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ ሪሳይክል ለሚያደርገው ግን የሚሸጠው ነገር ትንሽ ነው። የሊቲየም ዋጋም በ2022 መጨረሻ ከደረሰበት ጣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። በሰሜን አሜሪካ በዘርፉ ከታወቁት ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ሊ ሳይክል በግንቦት 2025 ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገድዷል። በገበያ ዋጋ ብቻ የሚተዳደር ሪሳይክል ዋጋ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ ያረጀው ባትሪ ግን መምጣቱን አያቆምም።

ከመፍረስ በፊት ያለው አማራጭ ሁለተኛ አገልግሎት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አቅሙ ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ሲወርድ ለመኪናው ይደክማል እንጂ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ኃይል ለማከማቸት ገና ያገለግላል። በአምስተርዳም የሚገኘው የዮሐን ክራይፍ ስታዲየም ከ2018 ጀምሮ አዲስና ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን ያጣመረ 3 ሜጋዋት ማከማቻ ይጠቀማል። ደጋፊዎች የባትሪው የማምረቻ ብክለት በረዘመ ዕድሜ ላይ እንደሚከፋፈል ይናገራሉ። ተቺዎች በበኩላቸው ያገለገለ ባትሪን መፈተሽና ዋስትና መስጠት ውድ መሆኑን፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ መውረዱም ጥቅሙን እየበላው መሆኑን ያነሣሉ። የባትሪው የአጠቃቀም ታሪክ በመዝገብ ሲገኝ የመጀመሪያው ክርክር ይጠነክራል፤ ሳይገኝ ሲቀር ሁለተኛው።

ማን፣ መቼ ይክፈል?

ለዚህ ሁሉ በብዙ አገሮች የተመረጠው መልስ የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት ይባላል። ዕቃውን ወደ ገበያ ያስገባው አምራች ወይም አስመጪ፣ ዕቃው ካረጀ በኋላ ለሚደረገው አሰባሰብና አወጋገድም እንዲከፍል ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ባወጣው መመሪያ የፀሐይ ፓነልን በዚህ ሥር አስገብቷል። በ2023 የወጣው የባትሪ ደንቡ ደግሞ ርቆ ይሄዳል፤ ሪሳይክል የሚያደርጉ ተቋማት ከሊቲየሙ በ2027 መጨረሻ 50 በመቶ፣ በ2031 መጨረሻ 80 በመቶ እንዲያወጡ ያዝዛል። ከ2031 ጀምሮም አዲስ የመኪናና የኢንዱስትሪ ባትሪዎች የተወሰነ መጠን ያለው ከሪሳይክል የተገኘ ኮባልት፣ ሊቲየም፣ ኒኬልና እርሳስ እንዲኖራቸው ግዴታ ያስቀምጣል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ብልህ ይመስለኛል፤ የሪሳይክል ምርት በዋጋ ባይወዳደርም ገዢ እንዲኖረው ያደርጋልና።

አስቸጋሪው ክፍል ጊዜ ነው። ዛሬ የሚሸጥ ፓነል ከ25 ዓመት በኋላ ሲያረጅ የሸጠው ኩባንያ ላይኖር ይችላል። ክፍያውን ኋላ እንጠይቅ ቢባልም ሕግ አይፈቅድ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥር 2022፣ ከቼክ ሪፐብሊክ በመጣ ጉዳይ፣ ከነሐሴ 2005 እስከ ነሐሴ 2012 ለተሸጡ ፓነሎች አምራቾችን ማስከፈል ሕግን ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ማድረግ ነው በማለት ያንን የመመሪያውን ክፍል ውድቅ አድርጓል። የእነዚያ ዓመታት ፓነሎች ወጪ ስለዚህ በሌላ ትከሻ ላይ ወድቋል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት ገንዘቡ ዕቃው በሚሸጥበት ወይም በሚገባበት ዕለት ተሰብስቦ ለዚሁ ዓላማ ብቻ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ነው። ክፍያው የዕቃውን ዋጋ ከፍ በማድረግ መብራት የሌላቸውን ሰዎች ይጎዳል የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ክፍያው ሲቀር ወጪው አይጠፋም፤ የቲያሮዬን ዓይነት ሰፈር ነዋሪዎች በጤናቸው ይከፍሉታል። ለዝቅተኛ ገቢ ተጠቃሚዎች ድጎማ መስጠትና የአወጋገድ ክፍያን ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይጠይቅም።

ድንበር የሚሻገረው ቆሻሻ

አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን ሥርዓት የሚገዛው በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት ነው። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ የተባለም ያልተባለም፣ የተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ሳይገኝ መላክ አይቻልም። በ1991 የጸደቀው የባማኮ ስምምነት ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአህጉሩ ውጭ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ይከለክላል። ዓላማቸው ትክክል ነው፤ «ያገለገለ» ተብሎ የሚላክ ነገር ግን የማይሠራ ዕቃ ለመቆጣጠር መሣሪያ ይሰጣሉ።

ነገር ግን ቁጥጥሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የሊቲየም ባትሪ ወይም የፓነል ሪሳይክል ፋብሪካ በእያንዳንዱ አገር ሊኖር አይችልም፤ በቂ መጠን ካልመጣለት አይቆምም። ማቀነባበሪያ የሌለው አገር የሰበሰበውን በሕጋዊ መንገድ ወዳለበት ለመላክ ፈቃድ ሲጠይቅ ሂደቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በመንገድ ላይ የሚያልፍባቸው አገሮችም መስማማት አለባቸው። ያ ሁሉ ባትሪ እስከዚያ በመጋዘን ይከማቻል፤ የእሳት አደጋውም አብሮ ያድጋል። ሕጋዊው መንገድ ሲዘገይ የሚያሸንፈው ሕገ ወጡ ነው። ጎረቤት አገሮች አንድ ማቀነባበሪያ ለመጋራት ተስማምተው የፈቃድ አሠራራቸውን አስቀድመው ቢያዋሕዱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚያወጣው ጥብቅ ክልከላ የበለጠ ይጠቅማል።

በሚቀጥሉት ዓመታት የሚጠበቀው

ከየካቲት 2027 ጀምሮ በአውሮፓ ገበያ የሚቀርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎችና ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አቅም ያላቸው የኢንዱስትሪ ባትሪዎች ዲጂታል ፓስፖርት ይኖራቸዋል፤ ከምን እንደተሠሩና በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ የሚያሳይ፣ በኮድ የሚነበብ መዝገብ ማለት ነው። አምራቾች ለአንድ ገበያ ብቻ ለየት ያለ ባትሪ መሥራት ስለማያዋጣቸው አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮችም መዳረሱ አይቀርም። ለሚያፈርሰው ሠራተኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ዛሬ ተመሳሳይ ሣጥን ውስጥ ምን ዓይነት ኬሚካል እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚከፍተው።

መዝገቡ የማይነካው ግን ሰፊ ነው። ለአንድ ቤት መብራትና ስልክ መሙያ የሚሸጡት ትንንሽ የፀሐይ መብራቶች ባትሪያቸው ከዚያ ገደብ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹ ባትሪው በማይፈታ ሙጫ የተጣበቀባቸው ስለሆኑም ባትሪው ሲደክም ደኅናው ፓነልና አምፖል አብሮ ይጣላል። ክብደታቸው ጥቂት፣ የተበተኑትም ከከተማ ርቀው ስለሆነ ሄዶ መሰብሰቡ ከሚገኘው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ለእነዚህ የሚሠራው መንገድ ዕቃው በወጣበት መንገድ እንዲመለስ ማድረግ ነው፦ የሸጠው ሱቅ አሮጌውን ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንዲቀንስ፣ አከፋፋዩም አዲስ ጭኖ የሄደውን መኪና ባዶውን ከመመለስ ይልቅ አሮጌውን ይዞ እንዲመለስ። ዕቃዎቹን በጅምላ የሚገዙ መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ባትሪው በብሎን የሚፈታ እንዲሆንና አቅራቢው የመሰብሰቢያውን ወጪ አስቀድሞ እንዲያስይዝ ቢጠይቁ፣ አዲስ ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ከሚቀጥለው ግዢ ጀምረው ሊያስፈጽሙት ይችላሉ።